ብታውቂም ግራሽን አንሺ

የማርከር ሽታ ያቅለሸልሸኛል። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ዕድሜውን ሙሉ የጠመኔ ብናኝ ሲውጥ የኖረ መምህር እንዴት ማርከር ይጸየፋል ይላሉ። እኔ ግን ክዳኑ ተከፍቶ ያ የሚሰነፍጥ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ አንድ ጠዋት ትዝ ይለኛል፤ ወደ ላይ የተዘረጋች አንዲት ግራ እጅም ትዝ ትለኛለች።

የማስተምረው የኅብረተሰብ ትምህርት ነው። ትውልዴ ዳንግላ ነው፤ ሥራዬ ግን ከእንጅባራ ወደ ዘንገና በሚወስደው በኩል ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ባጃጅ እስከ መታጠፊያው ያደርሰኛል፤ የቀረውን በእግሬ እሄዳለሁ። በመንገዱ ዳርና ዳር ድሮ የገብስና የድንች ማሳ የነበረው ቦታ አሁን ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ሞልቶታል። ይተከላል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆረጥና ከሰል ይሆናል፤ ከዚያ መሬቱ ተመልሶ ይታረሳል። የአገሩ ሰው ግማሽ ኑሮው ከዚሁ ነው። ጭሱ ልብሴ ውስጥ ገብቶ አብሮኝ ቤት ይገባል፤ እሱ ግን አንድም ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም።

ስለ አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ሥልጠና ወስጃለሁ። ወስጃለሁ ስል ተቀምጫለሁ ማለቴ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ዳንግላ ውስጥ ባለ አዳራሽ፣ አሠልጣኙ «መምህር ብቻውን መናገር የለበትም» እያለ ብቻውን ሲናገር ሰነበተ። ግድግዳው ላይ የሚበራውን ጽሑፍ ያነብልናል፤ እኛ ደብተራችን ላይ እንገለብጣለን። እጄን አውጥቼ «ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ቡድን እንዴት ይሠራል?» ብዬ ብጠይቀው «ጥያቄ በመጨረሻ» አለኝ። በመጨረሻ የመጣው ሻይና ዳቦ ነው። ያን ቀን እንደዚያ ስስቅ ዋልኩ። ሳቄ ውሎ አድሮ ወደ ራሴ እንደሚዞር አላወቅሁም።

ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ከመስኮቱ ሥር ሦስተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ቀጠን ረዘም ያለች ልጅ ነች። አፏን የፈታችው በአዊኛ ነው፤ አማርኛው አለ፣ ግን ቃሉን መርጣ እስክታወጣው የክፍሉ ልጅ ይቀድማታል። ሁለት ዓመት ሳስተምራት ድምፅዋን የሰማሁት ስም ስጠራ «አቤት» ስትል ብቻ ነበር።

አባቷ ስድሳን የተሻገሩ ገበሬ ናቸው፤ የወላጅ ኮሚቴም አባል ናቸው። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን በር ላይ ጠበቁኝና ከሰላምታው በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

«መምህር፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ይህች ልጅ ይገባታል ወይ? ከገባት እንጅባራ ቤት ተከራይቼላት ዘጠነኛ ትማራለች። ካልገባት ግን በከንቱ አናድክማት፤ እዚሁ ከእኛ ጋር ትሥራ።»

«ጊዜ ይስጡኝ፤ አይቼ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

«እጠብቅሃለሁ» አሉ። እኒህ ሰው እጠብቃለሁ ካሉ ይጠብቃሉ።

መጋቢት ላይ ስለ ካርታ የሚያስተምረው ምዕራፍ ላይ ደረስን። መጽሐፉ ለአምስት ልጅ አንድ ነው፤ ካርታው ደግሞ ከመደብዘዙ የተነሣ ወንዙን ከመንገዱ መለየት አይቻልም። ተናደድኩ። በንዴቴ «ውጡ!» አልኳቸው። ሰባውንም ይዤ ወደ ሜዳው ወጣሁና «በሉ፣ ቀበሌያችሁን እዚህ መሬት ላይ ሥሩልኝ» አልኩ። ዘዴ አስቤ አይደለም፤ የሥልጠናው ወረቀትም ትዝ አላለኝም።

ልጆቹ ተንጋግተው ገቡበት። ከየቤታቸው አመድ አመጡና መንገዱን አሰመሩ። ድንች ቤት ሆነ፤ ትልቁ ድንች ትምህርት ቤቱ ነው። የቀርከሃ ቅጠል ደኑ፣ ውኃ የተሞላ ጎድጓዳ ሳህን ዘንገና ሐይቅ ሆነ። አንዱ ልጅ ምንጩን ለማሳየት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ነጭ ጠጠር ሲያስቀምጥ፣ ያቺ ልጅ ከኋላ መጥታ ጠጠሩን አነሳችና ወደ ታች፣ ከዳገቱ ሥር ወስዳ አስቀመጠችው።

«ምነው?» አልኳት።

«ወርዷል ቲቸር» አለች። «እናቴ ልጅ ሆና እዚያ ላይ ትቀዳ ነበር። አሁን እዚያ ደርቋል። አሁን ከታች ነው የምንቀዳው።»

«ለምን ወረደ?»

ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በአዊኛ ተናገረች። ማሳው ገብስ አልሰጥ ብሎ አባቷ ዲከረንስ እንደተከሉበት፤ ዛፉ ሲቆረጥ ከሰል እንደሚሆን፤ ከሰል ከከሰለ በኋላ ያ መሬት ገብሱን እንደገና እንደሚሰጥ፤ ውኃው ግን እንዳልተመለሰ። እሷ ውኃውን የጠጣው ዛፉ ነው ትላለች። አንድ ልጅ «አይደለም፣ ዝናቡ ስላነሰ ነው» ብሎ ተነሣባት። ተከራከሩ። ሌሎቹም ገቡበት። መሬት፣ ሕዝብ፣ ኑሮ፣ ተፈጥሮ እያልኩ በአራት ምዕራፍ ከፋፍዬ የማሰለቻቸው ነገር ሁሉ እግሬ ሥር፣ በአመድና በድንች፣ ሲጨቃጨቁበት አየሁት። ማስተማር ከጀመርኩ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለአባቷ ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ሳይሆን ርዕሰ መምህሩ ጠራኝ።

ርዕሰ መምህራችን ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሁሉንም በእሱ አሳብቤ እገላገል ነበር። «ወንድሜ፣ ሰማሁ፤ ግሩም ነገር ሠርተሃል» አለኝ። «በሚቀጥለው ሳምንት ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። ይህንኑ ሞዴል ትምህርት አድርገን እናሳያቸው።»

ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። ሰው አመሰገነኝ ማለት ነው፤ ምስጋና ደግሞ በመምህርነት በየቀኑ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ከዚያ ትምህርቱን እንደ ድንች መላጡ ተጀመረ። መጀመሪያ ሜዳው ቀረ፤ ጭቃ ነው፣ እንግዶቹ ጫማቸው ይበላሻል ተባለ። ክፍል ውስጥ ይሁን። አመዱም ቀረ፤ ቆሻሻ ነው። ድንቹማ ጭራሽ ነውር ሆነ። በምትኩ ትልልቅ ነጭ ወረቀትና አራት ቀለም ማርከር መጣ። ካርታውን ልጆቹ ቢሥሉት ይበላሻል ተብሎ የሥዕል መምህሩ ከቢሮ ግድግዳ ላይ ካለው የድሮ ካርታ አሳምሮ ገለበጠው። ምንጩ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ በሰማያዊ ማርከር፣ ደምቆ ተቀመጠ። አየሁት። ስሕተት መሆኑን አውቃለሁ። ዝም አልኩ።

«ደግሞ» አለኝ ርዕሰ መምህሩ፣ «ከሰል የሚባል ቃል እንዳይነሣ። ርዕሱን የደን ልማት በለው።»

«የሚኖሩት እኮ በከሰሉ ነው።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አውቃለሁ እንጂ። እንግዳ ፊት ግን ጭስ አይጨስም።»

አራት ጊዜ ተለማመድን። ጥያቄው ታውቋል፣ መልሱ ታውቋል፣ መላሹም ታውቋል። «ቡድን ሦስት ተወያዩ» ስል ቡድን ሦስት አንገቱን አቀርቅሮ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ድምፅ አያወጣም፤ ምክንያቱም የሚወያይበት ነገር የለም። አራተኛው ልምምድ ላይ ልጆቹ ገና ጥያቄው አፌን ሳይለቅ ማጨብጨብ ጀምረው ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ቆሜ የራሴን ድምፅ ስሰማው አንገሸገሸኝ። ግን ቀጠልኩ።

የእጁንም ነገር ያለማመድኳቸው እኔ ነኝ። ዘዴው የቆየ ነው፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ሠርቼበታለሁ። እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ልጅ እጁን ያወጣል። የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። እንግዳው ሰባ እጅ አይቶ ይደነቃል፤ መምህሩ ቀኝ ያወጣውን ብቻ ይጠራል። ተማሪም አይዋረድም፣ መምህርም አይዋረድም ይባላል። የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ የማያውቁት ትምህርት ቤት ያልገቡት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።

በአራተኛው ልምምድ ያቺ ልጅ ቀኝ እጇን አወጣች። መጥራት ግድ ሆነብኝ፤ ጠራኋት። ተነሥታ ወረቀቱ ጋር ሄደችና ሰማያዊውን ምንጭ በጣቷ እየነካች «ቲቸር፣ ይኼ እኮ ወርዷል» አለች። ርዕሰ መምህሩ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። «ከሰል የከሰለበት …» ብላ ስትጀምር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተቀመጪ» አልኳት። ከልምምዱ በኋላ ለብቻዋ ጠራኋት።

«እንግዶቹ ሲመጡ አንቺ ግራሽን አንሺ» አልኳት።

«አውቀዋለሁ እኮ ቲቸር።»

«ብታውቂም።»

እንደ ቀላል ነገር ነው ያልኳት። አየችኝ፣ «እሺ» አለች፣ ሄደች። ያቺን አንዲት ቃል ከአፌ ስትወጣ ነበር መያዝ የነበረብኝ።

እንግዶቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ረዥም፣ ጠጉሩ የሸበተ፤ ሌላው ወጣት፣ የሚጽፍ። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከጎናቸው የወላጅ ኮሚቴው፤ ከኮሚቴው መካከል አባቷ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። ክፍሉ ማርከር ማርከር ይሸታል። መስኮቱ ተዘግቷል፤ የከሰሉ ጭስ እንዳይገባ ነው።

ጠየቅሁ። ሰባ እጅ ተነሣ። የእሷ ግራ እጅ ከሁሉ በላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ቀኞቹን እየመረጥኩ ጠራሁ፤ በሚገባ መለሱ፤ ተጨበጨበላቸው። ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሲሄድ ሌሎቹ እያወረዱ እንደገና ያነሣሉ። እሷ ግን አላወረደችም። አውርጂ አላልኳትማ። ሲደክማት በቀኝ እጇ የግራዋን ክንድ ደገፈችው። አየሁና ዓይኔን ወደ ሰሌዳው መለስኩ።

መጨረሻ ላይ ሽበታሙ እንግዳ «አንድ ጥያቄ እኔ ልጠይቅ» አለ። ይህ በልምምዱ የለም። ተነሣና «የዚህ መንደር ሰው ውኃ የሚቀዳው ከየት ነው?» አለ። ሰባ እጅ። ዓይኑን በግራዎቹ ላይ አሳልፎ፣ በእሷም ላይ አሳልፎ፣ ቀኙን ያወጣውን የክፍሉን አለቃ ጠራ። ልጁ ፈጠን ብሎ ወረቀቱ ጋር ሄደና ሰማያዊውን ምልክት ነካ። «ከዚህ ምንጭ ነው!»

እሱም ከዚያ ቀድቶ አያውቅም። ከሰባው አንድም ልጅ ከዚያ ቀድቶ አያውቅም። «አጨብጭቡለት» አልኩ። አጨበጨቡ። አባቷ አላጨበጨቡም። መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ የልጃቸውን እጅ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። እሷም አላጨበጨበችም፤ እጆቿ ሥራ ላይ ነበሩ።

ምሳ ለእንግዶቹ በመምህራን ማረፊያ ተዘጋጅቶ ነበር። ሽበታሙ አጠገቤ ተቀመጠና ሽሮውን እያጠቀሰ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ግራውን አልነካሁብህም» አለኝ። «እኔም እኮ አስተምሬያለሁ።» ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሳቀ። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ። እኔም ሳቅሁ! እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያስጠላኝ ያ ሳቄ ነው። ማታለሌን አውቆ ቢቆጣኝ፣ ባያውቅና ተታሎ ቢሄድ፣ አንዱን እችለው ነበር። እሱ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ርዕሰ መምህሩ ያውቃል፣ ሰባ ልጅም ያውቃል፤ ሁላችንም ደግሞ አጨብጭበናል።

ከወር በኋላ የምስክር ወረቀት መጣ። «በአሳታፊ የማስተማር ዘዴ አርአያ» ይላል። ርዕሰ መምህሩ በመስታወት ፍሬም አስገብቶ ቢሮ ውስጥ ሰቀለው። በሥሩ ሳልፍ ቀና ብዬ አላይም።

በዚያው ሰሞን የሦስተኛው ወንበር ጥግ ባዶ ሆነ። አንድ ሳምንት ታማ ይሆናል አልኩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጓደኛዋን ብጠይቃት «ትታዋለች» አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቼ ቤታቸው ሄድኩ።

አባቷን ያገኘኋቸው ከቤቱ ጀርባ ነው፤ የተቆረጠ ዲከረንስ ይደረድራሉ። ወዲያ ማዶ አፈር የተጫነበት ክምር ቀስ ብሎ ይጨሳል። «ና መምህር፣ ቁጭ በል» አሉኝ ግንዱን እያሳዩ። እንደ እንግዳ አክብረው ነው የተቀበሉኝ፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

«ልጅቱ ቀረች» አልኩ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያስቀረኋት። አንተን ጠየቅሁህ፤ እጠብቅሃለሁ አልኩህ። ጠበቅሁ። አሁን ግን መልሱን ራሴ ስላገኘሁት አላስቸገርኩህም።»

«ከየት አገኙት?»

«ከእጇ ነዋ!» አሉ። «ያን ቀን እጇን ከፍ አድርጋ ሳያት ልቤ ሞልቶ ነበር። ያ ልጅ ምንጩን አሳስቶ ሲያሳይ፣ ‹አሁን የእኔ ልጅ ታርመዋለች› ብዬ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ … አልጠራችኋትም። ተከፋሁባችሁ። ቤት ስገባ ታናሽ እህቷ ሳቀችብኝ፤ ‹አባባ፣ ግራ እጅ እኮ የማያውቅ ነው› አለችኝ። ልጅቷን ራሷን ብጠይቃት ዝም አለች። እንግዲህ ለሁሉም ጥያቄ ያነሣችው ግራዋን ነው። አንድ እንኳ የምታውቀው የለም ማለት አይደለምን?»

ምላሴ ላይ የመጣው ለወላጅ ሁሉ የምለው ነበር፤ «ጥረት ካደረገች ትሻሻላለች» የሚለው። አፌ ድረስ ደረሰ። ጭሱ ወደ እኛ ዞረና ሳል ያዘኝ፤ ሳሉ ሲለቀኝ እውነቱን ነገርኳቸው። ስለ ሜዳው፣ ስለ ጠጠሩ፣ ስለ ወረቀቱ ካርታ፣ ስለ ከሰል የሚለው ቃል፣ ስለ ልምምዱ። «ከሰባው ሁሉ በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች። ግራሽን አንሺ ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

ከዚያ ዘወር ብለው እንትፍ አሉ። በእኔ ላይ አልነበረም፤ ከእግራቸው ሥር ነው።

«እና አንተ ማወቋን ታውቅ ነበር።»

«አዎ።»

«እንግዶቹስ ነገሩን ያውቁ ነበር?»

«አንደኛው፣ አዎ።»

«እንዴት ያለ ትምህርት ነው!» አሉ። የያዙትን እንጨት መልሰው አስቀመጡት። «በል እኔን ተወኝ። እኔ አሁን ሰማሁህ። ለእሷ ነግረሃታል?»

አልነገርኳትም ነበር። አንድም ቀን አልመጣልኝም። ለአባቷ ልነግር ነው የመጣሁት፣ ከኅሊናዬ ልታረቅ ነው የመጣሁት፤ እሷን ጠርቼ ላናግራት አላሰብኩም።

«ያችውልህ» አሉ በአገጫቸው እያመለከቱ። «ንገራትና መሄዱን እሷ ትወስን።»

ከአጥሩ ሥር ተንበርክካ የቀዘቀዘ ከሰል ማዳበሪያ ውስጥ ትከታለች። እስከ ክርኗ ጠቁራለች። ስታየኝ ተነሥታ ቆመች። መምህር ነኝና የማውቀውን አደረግሁ፤ ጠየቅኋት።

«ምንጩ የት ነው?»

ግራ እጇን አነሳች። እዚያ ከአጥሩ ሥር፣ ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም በሌለበት፣ የጠቆረች ግራ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እስክጠራት ጠበቀች።

«በይ፣ ተናገሪ» አልኳት።

«ከታች ነው ቲቸር። ከዳገቱ ሥር።»

«ታውቂዋለሽ እኮ! ታዲያ ለምን ግራሽን አነሳሽ?»

በቀኟ ክንዷን ደገፈችው።

«ብታውቂም ብለውኛል እኮ» አለችኝ።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ መመለሱም በእሷ ፈቃድ መሆኑን ነገርኳት። ሰኞ መጣች። ክረምቱ ሲያልፍ እንጅባራ ዘጠነኛ ክፍል ገባች፤ አባቷ ቃላቸውን ጠበቁ። ከእኔ ጋር በቀረችባቸው ወራት ግን ክፍል ውስጥ በጠየቅሁ ቁጥር ግራ እጇን አወጣች፤ በጠራኋት ቁጥር በትክክል መለሰች። ቀኝሽን አንሺ ብዬ ለመንኳት፤ «እሺ» ትለኛለች። ቀኟን ግን አንድም ቀን አላነሣችም።